ለሦስት ከሩብ የሚበቃ ማሽን

«እሷን አይቁጠሯት» አለ አባቴ።

እኔ ደረጃው ሥር ተንበርክኬ ነበር፤ የድሮው ሰርቨር ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ አንሺ ተብዬ። ሰርቨራችን የሚኖረው ደረጃው ሥር ባለች ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ነው፤ ከባልዲና ከወለል መወልወያ ጋር። ሙቀቷ ዳቦ ይጋግራል። ከጀርባዋ ያለው የአባቴ ቢሮ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ካርቶን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማሁ። ጆሮዬን ለጥፌ አላዳመጥኩም፤ ሰማሁ ነው የምላችሁ፤ ልዩነት አለው።

«የስልክ ዝርዝሩ ላይ ወይዘሪት ሄልጋርድ የሚል ስም አለ» አለች እንግዳዋ። «የእቅድ ክፍል ይላል። አዲሱን ሶፍትዌር አይጠቀሙም?»

«እህቴ ናት። እሷን ይተዉአት። ከሷ ውጪ አስራ ሁለት ሰው ነው።»

በቃ፣ ይህቺው ናት። እንግዳዋም «እሺ» አለች፤ ቀጠሉ። እኔ ግን ስልኬን እንደያዝኩ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ለምን እንደከነከነኝ እንዲገባችሁ እኛ ምን እንደምንሠራ ልንገራችሁ። ሪባን እንሸምናለን። የስጦታ ሪባን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የጡት መያዣ ማንገቻ፣ የፍራሽ ጠርዝ፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ፣ አንዴማ ለሆነ ሰርከስ የፈረስ ማስጌጫ። ሠላሳ አንድ የሽመና ማሽን አለን፤ ሲሠሩ ፎቁ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሻይ ብታስቀምጡ ብርጭቆው ራሱ ይሄዳል። የትኛው ማሽን ማክሰኞ ምን እንደሚሸምን፣ ሰማያዊው ክር ስንት ኪሎ እንደሚታዘዝ፣ የሊዮኑ ደንበኛ ዕቃው መቼ እንደሚደርሰው የምታቅደው አክስቴ ሄልጋርድ ናት፤ በካርድና በእርሳስ። አሁን ያንን ሁሉ የሚያቅድ ሶፍትዌር ልናስገባ ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት ሰርቨርም ዛሬ ይመረጣል። እና አስቡት፤ የማቀጃ ማሽን ሊገዛ ነው፣ አቃጇ አትቆጠርም። ሙሽራዋ ያልተጠራችበት ሰርግ በሉት። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የይለፍ ቃል የላትም፤ የይለፍ ቃል ከሌላት ሶፍትዌሩ ከገባ በኋላ እዚህ ቤት ሥራ የላትም። ይሄ ትምህርት ከጨረስኩ ገና አምስት ሳምንቴ ለሆነኝ ለእኔ እንኳን ይገባኛል።

ከዚያ «ሪኬ!» ተብዬ ተጠራሁ። እንግዳዋ ታቤያ ትባላለች፤ ሰርቨሩን የሚሸጥልን ድርጅት ሰው ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዝናቡ ጃኬቷን አበስብሶታል፤ በወንዙ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚሄደው ባቡር ወርዳ እኛ ጋ እስክትደርስ ያለው አምስት ደቂቃ ነው፣ ግን እዚህ ከተማ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት ዘርግታለች፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ትንሹ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ዩሮ፣ መካከለኛው አስራ አራት ሺህ፣ ትልቁ ሃያ ሦስት ሺህ። ሦስቱም ፎቶው ላይ ያው ናቸው፤ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ የፒዛ ሳጥን የመሰሉ። «ትንሽ ከገዛችሁ ሰው ሁሉ ስክሪን ላይ እያፈጠጠ ይጠብቃል» አለችኝ፣ ለእኔ ብላ ቀለል አድርጋ። «ትልቅ ከገዛችሁ ደግሞ ገንዘባችሁ እዚያ ተቀምጦ ይሞቃል።» አባቴ አይኑ ትንሹ ላይ ነበር። አስራ ሁለት ሰው ነው፣ እንደ ደንቡ ሲሶው ነው በአንድ ጊዜ የሚሠራው፣ አራት ሰው፤ ታዲያ ለአራት ሰው ምን ይበዛል? ታቤያ ግን ያለ ፎርሙ አልፈርምም አለች። ፎርሙ ማን እንደሚጠቀም፣ ሥራ የሚበዛው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ አንድ ሙሉ እቅድ ለመሥራት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጠይቃል። ሌላ ደንበኛ ጋ ሄጄ ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ አለች። አባቴ የአስራ ሁለቱን ስም ጽፎበት ፎርሙን ሰጠኝ። «ሙዪው። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው» አለኝ።

እኔስ? ቀጥታ ወደ አክስቴ። ሌላ የሚያውቅ ማን አለ?

የአክስቴ ክፍል አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚታያችሁ ሰሌዳው ነው፤ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ይይዘዋል፤ ለየማሽኑ አንድ መስመር፣ በየመስመሩ ቀለማቸው የተለያየ ካርዶች። አረንጓዴ ለስጦታ፣ ቢጫ ለውስጥ ልብስ፣ ቀይ ማለት ደንበኛው ተቆጥቶ ደውሏል ማለት ነው። ከሰሌዳው ፊት አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ የተቀረጹ እርሳሶች፣ አንዱም አልደነዘም። ሁለተኛ ወንበር አለ ግን የክር ናሙና ሳጥን ተቀምጦበታል፤ እንግዳ ቆሞ ነው የሚያወራው። እሷ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። አጭር ሽበት ፀጉር፣ መነጽሯ በሪባን አንገቷ ላይ፤ ሪባኑ የኛው ነው፣ የተበላሸ ቀለም። ሠራተኛው በሙሉ እትዬ ነው የሚላት። አባቴ ታናሿ ነው፣ ግን ሥራ ቦታ ላይ ሄልጋርድ ይላታል፤ እሷም ኤክሃርት ትለዋለች፣ ያውም በስልክ። በሁለቱ መካከል ሃያ ሁለት ደረጃ ነው ያለው። ቆጥሬዋለሁ።

«ምን አመጣሽ አንቺ ቀበጥ?» አለችኝ ሳትዞር። እርምጃዬን ታውቀዋለች።

«ፎርም።»

«ፎርም ደርቆ ነው የሚበላው ወይስ በቅቤ?»

ልመልስላት ስል ደወሉ ጮኸ። ሦስት ሰዓት። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የሦስት ሰዓት ቁርስ እኛ ቤት ቀልድ አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀመጣል፤ ጥሬ የተፈጨ ሥጋ በሽንኩርት የተቀባበት ዳቦ፣ ቡና በቴርሞስ፤ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያች ሩብ ሰዓት ላይ አንዲት ሰከንድ አትነካም። እኔና አክስቴ እዚያው ክፍሏ ውስጥ በላን። የሷን ዳቦ ለሁለት ቆረጠችልኝ፤ ትልቁን ግማሽ ለኔ። ዕረፍቱ ሲያልቅ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወሉ እንደገና ጮኸ፤ ማሽኖቹ ተነሱ፣ ስልኩም መጮህ ጀመረ።

ኧረ ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ ኔቭዛት ነው፣ የሽመናው አለቃ። «እትዬ፣ ማሽን አስራ አራት ጨርሷል፣ ምን ልስቀልበት?» እሷ ሰሌዳውን እንኳን ሳታይ «የሊዮኑን ቢጫ፣ ግን ክሩ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት ጠብቅ» አለችው። ዘጋች፣ ጮኸ። ከማቅለሚያው። ጮኸ። ከማሸጊያው። በር ላይ ደግሞ ሁለት ሰው በአካል ቆሟል፤ አንዱ ስልኩ ስለተያዘበት ደረጃውን ሮጦ የመጣ ነው። በሰባት ደቂቃ ውስጥ አስራ አንድ ሰው። ቁርስ ላይ ሁሉም ስለ ሥራው አውርቷል፣ ሁሉም ችግሩን አስታውሷል፣ ሁሉም ተመልሶ እኩል ይጠይቃል። በስምንተኛው ደቂቃ ጸጥ አለ። አክስቴ የቀረችውን ቡና ጠጣች። «አሁን እስከ ምሳ ማንም አይፈልገኝም» አለች። እኔ ፎርሙ ላይ «ሥራ የሚበዛበት ሰዓት» ከሚለው ፊት ለፊት ሦስት ከሩብ ብዬ ጻፍኩ፤ «በአንድ ጊዜ ስንት ሰው» ለሚለው አስራ አንድ። አባቴ አራት ነበር ያለው።

«ዝርዝሩን አሳዪኝ» አለችኝ።

ልሰጣት አልፈለግኩም። ግን አክስቴ እጇን ስትዘረጋ እምቢ አይባልም። መነጽሯን አደረገች፣ ጣቷን ከላይ ወደ ታች በስሞቹ ላይ ነዳች። ታች ደረሰች። እንደገና ከላይ ጀመረች። እኔ የእርሳሶቹን ብርጭቆ አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ፣ በወንዙ ላይ የሚያልፈውን ባቡር አየሁ፤ እሷን ብቻ ማየት አቃተኝ። «እ...» አለች ዝግ ብላ። ከዚያ እርሳስ አነሳች። «የኔቭዛት ሁለቱ ተረኛ አለቆች የሉም፣ እነሱ ሳያዩት ማን ሊሸምን ነው? ማቅለሚያው ተረስቷል። ማሸጊያም።» አራት ስም በዚያች ቀጥ ያለች ጽሕፈቷ ጨመረች። አስራ ስድስት ሆኑ። እርሳሱን ብርጭቆው ውስጥ መለሰች። ወረቀቱ ላይ ገና ሦስት ባዶ መስመር ነበር። የራሷን ስም አልጻፈችም።

«አክስቴ...»

«ቀጥሎ ምን ይላል?»

«አንድ ሙሉ እቅድ ለመሥራት ስንት ሰዓት ይፈጃል ይላል።»

«ዘጠኝ ሰዓት ብለሽ ጻፊ።»

ሳቅኩ፤ የቀለደች መስሎኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ? መቼ? ሳምንቱን ሙሉ ካርድ ስትነቅልና ስትሰካ ነው የምትውለው እኮ! እንደዚያ ስላት ፈገግ አለች። «እሁድ ነዋ» አለችኝ። እሁድ፣ ቤቷ፣ የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ። የሳምንቱን ትዕዛዝ በሙሉ ዓርብ በቦርሳ ትወስዳለች፣ እሁድ ከጠዋት ጀምራ ታሰላለች፣ ሰኞ ማንም ሳይመጣ ገብታ ካርዶቹን ትሰካለች። ለስንት ጊዜ? አልቆጠርኩም አለች፣ ከዚያ ደግሞ «ሃያ ስድስት ዓመት ይሆናል» አለች። አባቴ ያውቃል? «አባትሽ ሰኞ ሲገባ ሰሌዳው ሞልቶ ያገኘዋል። መልአክ መጥቶ የሚሞላው ነው የሚመስለው» አለችና ሳቀች፣ እውነተኛ ሳቅ። «እንዳትነግሪው። አሁን ደግሞ ማሽን ይመጣለታል፤ ማወቁ ምን ያደርግለታል?»

እሁድ። እኛ ቤት እሁድ ምሳ ላይ እማዬ አራት ሳህን ታወጣለች፣ ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ አክስቴ ራሴን አመመኝ ትላለች፣ እማዬ አንዱን ሳህን ትመልሳለች። ልጅ ሆኜ አክስቴ የራስ ምታት በሽተኛ ናት ብዬ ነው ያደግኩት። ክረምት ላይ ስዕል ስዬላት አውቃለሁ፤ ራሷ ላይ በረዶ አስቀምጬ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ እንደ ወትሮው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ያመጣውን የምስር ሾርባ አሞቀ፣ አክስቴ ፖም ላጠች። እኔ በመካከላቸው። አባቴ «ጨው» አለ። እሷ አቀበለችው። ከዚያ ዝናብ ነው አለ፣ እሷም ዝናብ ነው አለች። አፌ ውስጥ ያለው ነገር ከሾርባው ይበልጥ ነበር፤ ግን እንዳትነግሪው ብላኛለች። የፖሟን ልጣጭ ሳትቆርጥ እስከ መጨረሻው ላጠችው፣ እንደ ሪባን።

ስምንት ሰዓት ላይ ታቤያ ተመለሰች። አባቴ ቢሮ ውስጥ አራት ሆንን፤ ኔቭዛትም ነበር፣ የሠራተኛው ተወካይ ስለሆነ። ታቤያ ፎርሙን አነበበች፣ ቅንድቧ ተነሳ። «ይሄን ማን ነው የሞላው?» እኔ አልኩ፤ ከአክስቴ ጋር። «እንግዲህ ትንሹ አይሆንም» አለች ለአባቴ። «ሦስት ከሩብ ላይ አስራ አንድ ሰው እኩል ከገባበት ይተኛል። እኛ ሁልጊዜ ሲሶ ነው የምንቆጥረው፤ የትም ቦታ ሰው በአንድ ደቂቃ ተነስቶ አይጠይቅም። እዚህ ይጠይቃል።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ቁርሱን ለሁለት ብንከፍለውስ? ግማሹ ሦስት ሰዓት፣ ግማሹ ሦስት ተኩል።»

ኔቭዛት እጁን አጣመረ። «አቶ ኤክሃርት፣ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ዳቦዬን ከነዚያ ሰዎች ጋር ነው የበላሁት። ልንገርዎት፣ ቁርስ ከሚነኩ ትልቁን ሰርቨር ሁለት ቢገዙ ይረክስልዎታል።»

ታቤያ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ጣቷ ፎርሙ ላይ ወረደ። «ይሄኛው ግን ስህተት ነው መሰለኝ። እቅዱ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል ይላል። ማን ነው ዘጠኝ ሰዓት የሚሠራው?»

«ማንም» አለ አባቴ። «ሰኞ ጠዋት አልቆ ነው የምናገኘው።»

እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር። አውቃለሁ። ግን ዝም ብል እሷ ያልጻፈችውን ስም እኔም እንደሰረዝኩት መሰለኝ። «አክስቴ ናት» አልኩ። «እሁድ እሁድ። ቤቷ። ሃያ ስድስት ዓመት።» ድምፄ ቀጠነ፤ ይሄን እጠላዋለሁ። «ራሷን አይደለም የሚያማት።»

አባቴ አልተቆጣም። ብቻ እርሳሱን አስቀመጠው፣ ከዚያ እንደገና አስተካክሎ አስቀመጠው። ኔቭዛት መስኮቱን ያያል። «እኔ ለእሷ ብዬ እኮ ነው» አለ አባቴ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ኮምፒውተር አትወድም። በዚህ ዕድሜዋ አዲስ ነገር ተማሪ ከምላት ትረፍ ብዬ... ጡረታዋንም ቀደም አድርጌ ልጨርስላት ነበር።»

«ጠይቀዋቸዋል?» አለች ታቤያ።

አባቴ ተነሳ። ሦስቱን ወረቀት ይዞ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጣ፣ እኛም ተከተልነው፤ ኔቭዛት ብቻ «እኔ አስራ አራትን ልየው» ብሎ ወደ ማሽኑ ሄደ።

አክስቴ ካርድ እየነቀለች ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቶቹን ዘረጋላት። «ሄልጋርድ፣ ከነዚህ የትኛው ይሻለናል?» አላት። እኔ ነኝ የማውቀው ፊቷን፤ ደነገጠች። ግን መነጽሯን አደረገች። ወረቀቶቹን እንደ ካርድ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፣ ታቤያንም መጠየቅ ጀመረች። ሙሉ እቅዱን ለማስላት ስንት ይፈጅባቸዋል? ታቤያ ነገረቻት፤ ትንሹ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መካከለኛው አርባ ደቂቃ፣ ትልቁ ሩብ ሰዓት። በስንት ሰዓት ነው የሚያሰላው? ሌሊት፣ ሰው ሳይኖር። «እንግዲህ እኔ ተኝቼ ከሆነ» አለች አክስቴ «ሩብ ሰዓት ሆነ አርባ ደቂቃ ምን ይጎልብኛል? ትልቁን መልሰው ይውሰዱት።» ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ትንሹንም ገለበጠችው። «ማሽን የሚገዛው ጸጥ ላለው ሰዓት አይደለም፣ ለሦስት ከሩብ ነው። መካከለኛው ይሁን፣ ሚሞሪው ግን ይጨመርበት፤ ሁሉም እኩል ሲጠይቅ የሚይዝበት ቦታ ያስፈልገዋል አይደል?» ታቤያ በትክክል አለች። «ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት አንድ ነው ሁለት?» አንድ፣ ግን ሁለት ማድረግ ይቻላል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። «ሁለት ይሁን። ሲበላሽ ማን ይመጣል፣ በስንት ሰዓት?» በማግስቱ። «በዚያው ቀን ይሁን፤ አንድ ቀን ሠላሳ አንድ ማሽን አቁሜ ምን እላቸዋለሁ? ደግሞ ደረጃው ሥር አይቀመጥም። ወንዙ እዚያ ድረስ ገብቶ ያውቃል። የናሙና ክፍሉ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ አይገባበትም።»

ታቤያ ሁሉንም ጻፈች። ሲደመር አስራ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ዩሮ መጣ። «ስንት ተጠቃሚ ልበል? አስራ ስድስት?»

«አስራ ሰባት» አለ አባቴ። የአክስቴን እርሳስ ከብርጭቆው አነሳ፣ ፎርሙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ባዶው መስመር ላይ ስሟን ጻፈ። ከዚያ ዞር ብሎ አያት። «ከፈለግሽ ነው። ካልፈለግሽ አጠፋዋለሁ።»

«ኔቭዛትን ማን ሊያስተምረው ነው ታዲያ?» አለች አክስቴ። «አንተ?»

ታቤያ ባቡሯ ደርሶባት ሄደች፤ ማሽኑ በስድስት ሳምንት ይመጣል ብላ። እኔም መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ያኔ ማንም ሂጂ አላለኝም፣ እኔም አላስታወስኳቸውም፤ መስኮቱ ሥር ማሞቂያው ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለውን የክር ሳጥን አንስቶ መሬት አስቀመጠና ቁጭ አለ። ረጅም ሰው ስለሆነ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ነካ። ሰሌዳውን አየው፤ ከታች ሆኖ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ እያንዳንዷን ካርድ። ማሽኖቹ ከታች ይመታሉ፣ ብርጭቆው ውስጥ እርሳሶቹ ይንጫጫሉ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለች። ቁጣ የለበትም፤ ሰዓት ስንት ነው እንደማለት ነው ያለችው።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታ ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ የኛ ቤት ሰው ግን ይቅርታ ማለት አይሆንለትም።

«ማሽኑ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት አለ» አለ።

«ስድስት እሁድ» አለች አክስቴ።

«ከነገ ወዲያ እሁድ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሪው?»

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«ጠዋት?»

«ታዲያ ማታ ሊሆን ነው?»

«እመጣለሁ፣ እታለም» አለ አባቴ። እንዲህ ሲላት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች፣ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ታናሽ ወንድሟን ከፀጉሩ እስከ ጫማው አየችው፤ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ እንደምታይ።

«እርሳስ ይዘህ ና» አለችው። «የራሴን አላውስም።»